ካተርሃም ሰቨን ለመሸጥ ላሰበው ወንድማችን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሊድስ የሚኖር አንድ ወንድማችን በ1997 የተመዘገበ፣ ባለ 1.6 ሊትር የሮቨር ኬ-ሲሪስ ሞተር ካተርሃም ሰቨን፣ ማለትም ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ ክፍት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ አለው። የመጀመሪያው ባለቤት በኪት፣ ማለትም በተፈታ ዕቃ መልክ፣ ገዝቶ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የገጣጠመው ነው፤ ጠያቂያችን ሦስተኛው ባለቤት ነው። ልጅ ከወለዱ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ መኪናው ከጋራዥ አልወጣም። “ጋሼ፣ ልሽጠው ወይስ ላቆየው? ከሸጥኩትስ የት፣ በስንት? ወንድሜ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ጫነው፣ እዚህ እንደ ጉድ ነው የሚሸጠው ይለኛል” ሲል ጽፎልኛል። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከወንድምህ ልጀምር፤ የሱ ቶሎ ያልቃል። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል። ባይከለከልም ኖሮ መሪው በቀኝ ነው፣ አገር ቤት የሚነዳውም በቀኝ መስመር ነው፤ የሰቨን ሆድ ደግሞ ከአስፋልቱ የሚርቀው ግማሽ ስንዝር ቢሆን ነው። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ኮፓ የመኪናው ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ የመጀመሪያው የሰፈር ጉብታ ላይ ይተርፋል ብዬ አልገምትም። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወንድምህን ሰላም በልልኝና ይህን ሐሳብ እንተወው።

ወደ ዋናው ስንመጣ፣ ሽጠው ነው የምለው። ግን ዛሬ አይደለም፣ ባለበት ሁኔታም አይደለም። የቤተሰብ መኪና ቢቆምም ቢሄድም ዋጋው ይወርዳል። ሰቨን እንዲያ አይደለም። ቅርጹ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም፣ ፋብሪካው ዛሬም አዲስ ያመርታል፣ ስለዚህ የ1997ቱን ማንም “አሮጌ ሞዴል” ብሎ አይጥለውም። ገዢው ከዕድሜው ይልቅ ይዞታውን ነው የሚያየው። በመሆኑም አንድ ዓመት ብታቆየው ብቻውን አያከስርህም። የሚያከስርህ አለመነዳቱ ነው፤ ነዳጁ ይበላሻል፣ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ፍሪሲዮኑ ይጣበቃል፣ ጎማው ይደርቃል። ልጁ እስኪጠነክር ልያዘው ካልክ አልከለክልህም፤ ግን በሁለት ሳምንት አንዴ አውጥተህ ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ የምትነዳው ከሆነ ነው። ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ አምስት ደቂቃ አጉርቶ ማጥፋት ከነጭራሹ ካለማስነሣት የባሰ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ ውኃው ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ሕፃን ይዘህ ለዚህ ሰዓት የሚኖርህ አልመሰለኝም። ሁለት ወንበር ብቻ ያለው፣ ኤርባግ የሌለው መኪና ደግሞ ሕፃን ይዘው “እግረ መንገዴን ልውሰደው” የሚሉት አይደለም።

የጻፍክልኝ በጥቅምት ነው። በዚህ አገር ክፍት መኪና በኅዳርና በታኅሣሥ የሚፈልግ ሰው ቅናሽ ፈላጊ ነው፤ ሻጩን ቦታ እንደጠበበው ያውቃል። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ፀሐይ ብቅ ስትል ነው ልቡ የተነሣ ገዢ የሚመጣው። እስከዚያ ያሉት ወራት ለሥራ ይበቁሃል። ሥራ ስልህ ግን ቀለምና ቸርኬ እንዳይመስልህ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሻጭ የሚስተው። ፋብሪካ የሠራውን ቶዮታ የሚገዛ ሰው ቶዮታን አምኖ ነው የሚገዛው። የኪት መኪና ገዢ ግን የሚያምነው በ1997 ቅዳሜና እሑድ እየጠበቀ ቡሎን ሲያጠብቅ የነበረን፣ አይቶት የማያውቀውን አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ጠንቃቃ ነበር ወይስ ግዴለሽ? ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ ነው ያሠረው ወይስ በጉልበቱ? ይህን የሚመልስለት ወረቀት ካለህ ዋጋህ ይቆማል፤ ከሌለህ መኪናው ምንም ቢያብረቀርቅ ገዢው በጥርጣሬው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የብርዱን ወራት መጀመሪያ የምታጠፋው የመኪናው ወረቀቶች ያሉበት ፎልደር ላይ ነው።

ኪት የሚባለው ነገር ለምን እንደመጣ ካወቅህ ገዢዎች ለምን ወረቀት ላይ እንደሚጨነቁ ይገባሃል። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ሎተስ ሰቨንን በ1957 ሲያወጣ እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ ባለቀ አዲስ መኪና ላይ የግዢ ታክስ ይጣል ነበር፤ በዕቃ መልክ ለሚሸጥ ግን አይጣልም። ሕጉ ታዲያ ኪቱ የመገጣጠሚያ መመሪያ እንዳይኖረው ይከለክላል። ሲነገር እንደኖረው ሎተስ ለገዢው የመፍታቻ መመሪያ ይሰጠው ነበር፤ ገዢው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይገጣጥማል። በ1973 ቫት መጥቶ ያ ጥቅም ቀረ። በዚያው ዓመት ሎተስ የሰቨንን መብት ለካተርሃም ካርስ አስተላለፈ፤ የካተርሃም ባለቤት ግራሃም ኒርን ነበር። ታክሱ ቢቀርም ሰዎች መገጣጠሙን ስለወደዱት ኪቱ እስከ ዛሬ ይሸጣል። እንግዲህ ያንተ መኪና ካተርሃም ነው። ማስታወቂያህ ላይ “ሎተስ ሰቨን” ብለህ እንዳትጽፍ። በፍለጋ ብዙ ሰው ያመጣልሃል ብለህ ትፈተን ይሆናል፤ የሚያመጣልህ ግን ክርክር ነው፤ እውነተኛ ሎተስ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ዋጋ ነው።

አሁን ሎግ ቡኩን፣ የመኪናውን የምዝገባ ወረቀት፣ አውጣና ከመኪናው ጋር ቁመህ አስተያየው። አምራቹ ካተርሃም ተብሎ ተጽፏል? የሻንሲ ቁጥሩ ከብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? የሞተር ቁጥሩስ? በነዚህ መኪኖች ሞተር መቀየር የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩ ካልገጠመ ከመሸጥህ በፊት ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ለዲቪኤልኤ አሳውቀህ አስተካክለው። ታርጋህ በፒ ወይም በአር የሚጀምር የዘመኑ ታርጋ ከሆነ እሰየው፤ በአዲስ ዕቃ የተገጣጠመ ለመሆኑ ምልክት ነው። በኪው የሚጀምር ታርጋ የሚሰጠው የዕቃው ዕድሜ በትክክል ላልታወቀ መኪና ነው፤ ሰዎች ያንን ሲያዩ ዋጋ ይቀንሳሉ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፤ ቪ5ሲ የሚባለው ይህ ሎግ ቡክ እንደ አገር ቤቱ ሊብሬ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ራሱም ይህንኑ ጽፎበታል። ባለቤትነትህን የሚያሳየው የገዛህበት ደረሰኝና የባንክ ክፍያህ ነው። እነሱንም ፎልደሩ ውስጥ አስገባ።

ከዚያ የኪቱን ደረሰኝ፣ ገጣጣሚው በእርሳስ ምልክት ያደረገበትን መመሪያ፣ ሲገጣጠም የተነሡ ፎቶዎችን፣ ከተገጣጠመ በኋላ ባለሙያ የመረመረበትን ወረቀት፣ የዘይትና የጎማ ደረሰኞችን አንድ ላይ አድርግ። ከጎደለህ ሁለተኛው ባለቤት ጋር ደውል፤ ሰዎች መኪናውን ሲሸጡ የፎቶ አልበሙን ረስተው መሳቢያ ውስጥ ያስቀሩታል፣ በትሕትና ለጠየቃቸውም ደስ ብሏቸው ይልካሉ። ከ2005 ወዲህ ያለውን የኤምኦቲ፣ ማለትም የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራ፣ ታሪክ በነፃ ከመንግሥት ድረ ገጽ ታገኘዋለህ። አትምና ማይሉን በዓመት በዓመት አስምርበት። ገዢው ራሱ እንደሚያየው አትርሳ፤ የወደቀበት ዓመት ካለ ምን እንደተደረገለት የሚያሳይ ደረሰኝ አጠገቡ ይኑር።

ወደ መኪናው እንሂድ። እኔ ሰቨን ሊታይ ሲመጣልኝ መጀመሪያ አፍንጫውን አወልቃለሁ፤ ጥቂት ማያያዣ ብቻ ስለሆነ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዤ እንበረከካለሁ። ሻንሲው የብረት ቱቦ ነው፣ ከላይ የለበሰው የአሉሚኒየም ላሜራ ነው፣ ሁለቱን ያያያዛቸው ሪቬት ነው። ብረትና አሉሚኒየም መካከል እርጥበትና የመንገድ ጨው ሲገባ ይበላላሉ። የሪቬቱን መስመር በጣቴ ስከተል ነጭ ዱቄት ጣቴ ላይ ከቀረ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው። የታችኛው ቱቦ ላይ ያለው የፓውደር ኮት ቀለም ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ ሊነፋ ይችላል፤ በጥፍሬ ጫን ስለው ተሰንጥቆ ቡናማ ውኃ ካወጣ ብረቱ ለረጅም ጊዜ እየዛገ ኖሯል። ይህን ገዢህ ይዞት የሚመጣው ሰው ያደርገዋል፣ አንተ ቅደመው። ትንሽ ዝገት ተፍቆ፣ ፕራይመር ተቀብቶ፣ ቀለም ሲነካ በፎቶ አስቀረው። ብዙ ከሆነና ቱቦው ከሳሳ ግን አትሸፍነው፤ ስቱኮ የገባበት ሻንሲ ያየ ገዢ ተመልሶ አይደውልም።

ሁለተኛው የማየው የፊት ግራና ቀኝ ነው። ብራቾዎቹ ከሻንሲው ጋር የሚያያዙበትን ቦታ አንዱን ጎን ከሌላው ጋር አነጻጽራለሁ። ሰቨን ቀላል ስለሆነ ሲጋጭ የሚታጠፈው እዚያ ነው። ከዚያ ወገቤን ዝቅ አድርጌ የጎን ላሜራውን በአግድም አየዋለሁ፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ካልሄደና ሞገድ ከሠራ ከሥሩ ያለው ቱቦ ተንቀሳቅሷል። የፋይበርግላስ መከላከያዎቹ ላይ ያለ ጭረትና የጠጠር ምልክት ግን አያስጨንቀኝም። አንተንም አያስጨንቅህ። ጠጠር ያልነካው ሰቨን ያልተነዳ ሰቨን ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ መከላከያ እንዲያውም “ምን ደብቆ ነው?” ያሰኛል።

ስለ ኬ-ሲሪስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በብሎኩ መካከል ስለሚገባው ማሸጊያ፣ አንተ ባታነሣውም ገዢው ያነሣዋል። ይህ ሞተር በአሉሚኒየም የተሠራ፣ ቀላልና ጎበዝ ሞተር ነው። ቴስታታውን፣ ብሎኩንና የታችኛውን ክፍል ከላይ እስከ ታች አልፈው እንደ አንድ ጥቅል የሚያስሩ ረጃጅም ቡሎኖች አሉት፤ ሲሊንደሮቹ ብሎኩ ውስጥ ተቀምጠው ውኃ የሚከባቸው እጀታዎች ናቸው። የእጀታዎቹ ከፍታ እኩል ካልሆነ ጓርኒሲዮኑ እኩል አይጨመቅም። የሚይዘው ውኃም ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ሲያፈስ ቶሎ ይግላል፣ ቴርሞስታቱ ያለበት ቦታ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት እንዲገባ ያደርጋል። በቤተሰብ መኪና ውስጥ ስሙ የጠፋው በነዚህ ነው። ሰቨን ውስጥ ሞተሩ የሚጎትተው ክብደት ትንሽ፣ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ የሚከታተል ስለሆነ ያን ያህል አይፈራም፤ ግን ጥያቄው አይቀርም። ጓርኒሲዮኑ ከተቀየረ መቼ፣ በምን ዓይነት፣ የእጀታዎቹ ከፍታ ተለክቶ እንደሆነ የሚያሳይ ደረሰኝ ካለህ ከአዲስ ቸርኬ የበለጠ ገንዘብ ነው። ካልተቀየረ “አልተቀየረም፣ ውኃም አይቀንስም” በልና ገዢው ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ይየው። ደህናውን ጓርኒሲዮን ለመሸጥ ብለህ እንዳታስቀይር።

ሁለት ዓመት የቆመ መኪና ሲነቃ ቅደም ተከተል አለው። ቁልፍ አዙረህ እንዳታስነሣው። መጀመሪያ የቆየውን ቤንዚን ከሰርባታዮው አውጣ። ከ2021 መስከረም ወዲህ ተራው ቤንዚን ኢ10 ነው፤ ውስጡ ያለው ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ የቆዩ የጎማ ቱቦዎችንም ይበላል፤ ስለዚህ ቱቦዎቹን በጣትህ እጠፋቸውና ከተሰነጠቁ ቀይራቸው፤ ስትሞላም ውድ ቢሆንም ኤታኖሉ ያነሰውን ኢ5 ሱፐር ሙላ። ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። ካንዴላዎቹን አውልቀህ ሞተሩን በስታርተር አዙረው፤ የዘይት ግፊቱ ጌጅ ላይ እስኪነሣ ጠብቅና መልሰህ ግጠም። የፍሬን ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፤ ሰቨን የፍሬን ሰርቮም ኤቢኤስም የለውም፣ እግርህና ፈሳሹ ብቻ ናቸው ያሉት። የራዲያተሩን ውኃ በትክክለኛው ፀረ-ዝገት ቀይር፣ ንጹሕ ውኃ ብቻ ለአሉሚኒየም ሞተር መርዝ ነው። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ታገኛለህ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 1214 የሚል ካየህ በ2014 አሥራ ሁለተኛ ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋል። አራት አዲስ ጎማ መቀየር ከምታወጣባቸው ወጪዎች ሁሉ ተገቢው ነው፤ አምስት መቶ እና ስድስት መቶ ኪሎ መካከል የሚመዝን መኪና በደረቀ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ ለሙከራ ስታስነዳ ራስህም ወንበሩ ላይ ነህ። በመጨረሻ ኤምኦቲ አስደርግና ሽጥ። ኤምኦቲ የሌለው ሰቨን “ፕሮጀክት” ይባላል፣ ዋጋውም የፕሮጀክት ነው።

የማታወጣውን ልንገርህ፦ የካርቦን ጌጥ፣ አዲስ ወንበር፣ ጉልበት መጨመሪያ፣ ቀለም። የሰቨን ገዢ የራሱ ምርጫ ያለው ሰው ነው፤ ያንተን ምርጫ ከፍሎ አይገዛም። ከመኪናው ላይ ወልቀው የተቀመጡ ኦሪጅናል ዕቃዎች ካሉ ግን ፈልጋቸው፤ ጣሪያው፣ የጎን መከለያዎቹ፣ ሁለተኛው የኢሞቢላይዘር ሪሞት። ይህች ሁለተኛ ሪሞት ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ አለመኖሯ ግን “አንዷ ብትበላሽስ?” ብሎ ገዢውን ቆም ያሰኘዋል።

ዋጋ ስንት ለሚለው ቁጥር አልሰጥህም፤ መኪናውን ሳላይ የምሰጥህ ቁጥር የደላላ ወሬ ነው። መንገዱን ግን ላሳይህ። ማስታወቂያ ላይ ያለ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው። በኢንተርኔት ጨረታ የተሸጡበትን ዋጋ ግን ሁሉም ሰው ማየት ይችላል፤ እነሱን ሰብስብ። ስታነጻጽር ኬ-ሲሪስን ከኬ-ሲሪስ፣ ባለ አምስት ማርሽን ከባለ አምስት፣ ጠባቡን ሻንሲ ከጠባቡ ጋር አድርግ። ያንተ ጠባቡ ነው፤ ኤስቪ የሚባለው ሰፊ ሻንሲ የመጣው በ2000 ነው። ካምቢዮህ ከፎርድ ሲዬራ የመጣው ባለ አምስቱ ይሁን የካተርሃም ባለ ስድስቱ ለይተህ ጻፍ፣ ልዩነቱ ገንዘብ ነው። ከገዛህበት በላይ ብትሸጠው ደግሞ አትስጋ፤ የግል መኪና ከካፒታል ጌይንስ ታክስ ነፃ ነው፣ ንግድ ካልነገድክበት።

የት ለሚለው፣ ለሰቨን ልዩ ነጋዴዎች መሸጥ ፈጣኑ ነው፤ ትርፋቸውንና የሚሰጡትን ዋስትና ከዋጋህ ላይ ይቀንሳሉ፣ ያ ፍትሐዊ ነው። በአደራ ወስደው ሲሸጥ ኮሚሽን የሚቆርጡም አሉ። ይህን ከመረጥክ መኪናው እስኪሸጥ ያንተ እንደሆነ፣ ገንዘቡም በስንት ቀን እንደሚገባልህ በጽሑፍ ይኑርህ፤ ነጋዴው ቢከስር መኪናህ ከሱ ንብረት ጋር ተቆጥሮ እንዳይያዝ። ፎልደርህ ሙሉ ከሆነ ግን እኔ በባለቤቶች ክበብ በኩል ራስህ እንድትሸጠው እመክራለሁ። እዚያ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ያውቃል፣ ሳያውቅ የሚያንቋሽሽም የለም።

ማስታወቂያውን ስትጽፍ በምታውቀው ላይ ቁም። አንተ ሦስተኛ ባለቤት ነህ፤ “ሬስ ትራክ ገብቶ አያውቅም” አትበል፣ “እኔ በያዝኩት ጊዜ ትራክ አልገባም” በል። የግል ሻጭ ስለሆንክ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ በነጋዴ ላይ የሚጥለው ግዴታ አይመለከትህም፤ ነገር ግን መኪናው እንደገለጽከው መሆን አለበት። በ1967 የወጣው አሳሳች መግለጫን የሚመለከተው ሕግም በሐሰት ወይም በግዴለሽነት ለተናገርከው ተጠያቂ ያደርግሃል። “እንዳለ ተሸጧል” የሚለው የደረሰኝ ቃል ከዚህ አያድንህም። ብድር ካለበትም ገዢው ሲያጣራ ይወጣል፤ ቀድመህ ተናገር፣ እንዴት እንደምትዘጋውም ንገረው።

ሰው ሊያይ ሲል ከመምጣቱ በፊት ቁመቱንና የጫማ ቁጥሩን ጠይቀው። ቀልድ አይደለም፤ የሰቨን ፔዳሎች እጅግ የተጠጋጉ ናቸው፣ ሰፊ ጫማ ያደረገ ሰው ፍሬኑን ሲረግጥ ነዳጁንም አብሮ ይረግጣል። ረጅም ሰው ጠባቡ ሻንሲ ውስጥ ጉልበቱን የሚያደርግበት አያገኝም። መኪናው እንደማይገጥመው ቤቱ ሆኖ ቢያውቀው ለሁለታችሁም ዕረፍት ነው። ሞተሩን ቀድመህ አታሙቅለት፤ ቀዝቅዞ ሲነሣ መስማት ይፈልጋል። መጀመሪያ አንተ ንዳ፣ ጎማውም ዘይቱም ሲሞቅ ቦታ ተለዋወጡ። ኢንሹራንሱ እሱን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ሳታይ ግን መሪ አታስይዘው። መሪው ተነቃይ ከሆነ ቦታ ስትለዋወጡ ነቅለህ ይዘኸው ውረድ።

አንድ ማጭበርበር አለ፣ ኬ-ሲሪስ ላለው ሰው በተለይ እነግረዋለሁ። ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ ከኋላ ስለ ጎማው ወይም ስለ ወረቀቱ እያወራ ይይዝሃል፤ ሌላው ኮፈኑ ክፍት ሳለ ከኪሱ ትንሽ ዘይት አውጥቶ የራዲያተር ውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጠብ ያደርጋል። ከዚያ ሞተሩ ይነሣል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ውኃው ላይ ዘይት ተንሳፎ ይታያል። “አየህ፣ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፤ ለማንኛውም በግማሽ እንወስድልሃለን።” የሞተሩን ዝና የሚያውቅ ባለቤት ደንግጦ ይሸጣል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከመምጣታቸው በፊት የማጠራቀሚያውን ውስጥ ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት ቪዲዮ ቅረጽ፣ ሌላ ሰው አብሮህ ይኑር፣ ኮፈኑ ክፍት ሆኖ ከመኪናው አትራቅ። ነገሩ ከተፈጠረም አትከራከር፤ ኮፈኑን ዝጋ፣ ቻው በላቸው፣ ለባለሙያ አሳይ።

ገንዘቡን በባንክ ዝውውር ተቀበል፤ የስልክ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። የራስህን የባንክ አፕ ከፍተህ ገንዘቡ መግባቱን እስክታይ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ይቆይ። ቀብድ ከተቀበልክ መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደማይመለስ በአንድ መስመር ጻፍ። ውልና ማስረጃ የሚባል ነገር እዚህ ስለሌለ ደረሰኙን እናንተው ናችሁ የምታዘጋጁት፤ በሁለት ቅጂ፣ ቀን፣ ዋጋ፣ ማይል፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ። ከሎግ ቡኩ ላይ አረንጓዴዋን የአዲስ ያዥ ወረቀት ቀደህ ለገዢው ስጠው፤ ሽያጩን እዚያው ቆማችሁ በዲቪኤልኤ ድረ ገጽ አስመዝግብ። ይህን ካላደረግህ የሱ የፍጥነት ቅጣት ወደ አንተ ቤት ይመጣል። የመንገድ ታክስ ከ2014 ወዲህ ከመኪናው ጋር አይተላለፍም፤ ከፍለህ ከነበረ የቀሩት ሙሉ ወራት ይመለሱልሃል፣ እሱ ግን ሳይከፍል ከግቢህ መውጣት የለበትም። በሶርን፣ ማለትም መንገድ ላይ እንደማይወጣ አሳውቀህ፣ ያቆምከው ከሆነም ያው ነው፤ ሶርኑ ለሱ አይሠራም። ኢንሹራንስህን መኪናው ከሄደ በኋላ እንጂ በፊት አትዝጋ።

አፍንጫው ወልቆ የፊት ብራቾዎቹ ማያያዣ ከግራም ከቀኝም፣ የታችኛው ቱቦ የሪቬት መስመር፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ከላይ፣ እና የአራቱም ጎማ አኃዝ የሚታይበት ፎቶ ብትልክልኝ ከመጋቢት በፊት ምን መሠራት እንዳለበት ለይቼ እጽፍልሃለሁ። የሎግ ቡኩን ፎቶ ግን አትላክ፤ ለእኔም፣ ለማንም ገዢ ነኝ ባይም። እሱ ላይ ያለው ቁጥር ከታርጋህ ጋር ሆኖ መኪናህን ወደ ሌላ ስም ለማዞር ይበቃል።